የጎደለው አሥራ ሰባት ግራም

ጋሼ ግራም እሁድ ጠዋት ሞተው ተገኙ። የተገኙትም ዕድሜያቸውን በፈጁበት በመኖ መደባለቂያው ክፍል፣ ጀርባቸውን ለማሽኑ ሰጥተው፣ እግራቸውን እንደ ደከመው ሰው ዘርግተው ነው። የፊት ጭንብላቸው ወደ አገጫቸው ወርዷል። በቀኝ እጃቸው ደረታቸው ሲዘጋባቸው በአፍ የሚነፉትን መድኃኒት ጨብጠዋል፤ ነፍተው ነፍተው ጨርሰውታል። ቅንድባቸው ላይ ነጭ አቧራ አርፏል።

ግራም ስማቸው አይደለም። ስማቸውን ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚጠራው አልነበረም። አንድ ግራም ጎደለ ብለው ግማሽ ቀን የሚከራከሩ፣ የገበያ ሽንኩርት ቤት አምጥተው እንደገና የሚመዝኑ ሰው ስለነበሩ ነው እንዲህ የተባሉት። ባለቤታቸው «እኔንም ያገቡኝ መዝነው ነው» እያሉ ጎረቤት ያስቁባቸው ነበር። ያን ዕለት ግን እንኳን ሊያስቁ ማልቀስም አቅቷቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው። አባቷ «እሜቴ» ስለሚሏት ግቢው ሁሉ እሜቴ ይላታል። የአሳማ እርባታውን መኖ የምትቀምረው እሷ ናት። ሬሳውን ስታይ አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው። ሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ከዚያው አፍ አንድ ቃል ወጥቶ ነበር። «ምነው በሞተና በገላገለኝ!» ብላ ነበር፣ ስለ ገዛ አባቷ፣ እያለቀሰች፣ በሰው ጆሮ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ አፋፍ ላይም አልቆመ፣ በአንድ ሌሊት ደረሰ።

ነገሩ የጀመረው በግልገሎቹ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ጡት የጣሉት የአሳማ ግልገሎች እግራቸው እየተልፈሰፈሰ ይወድቃሉ፣ ይሞታሉ። እሜቴ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ቀመሩን ቀይራለች። እህል ውስጥ አጥንት የሚያጠነክረው ፎስፈረስ ሞልቷል፤ ግን ተቆልፎ ነው ያለው፣ የግልገል ሆድ አይከፍተውም። ኢንዛይም የሚባለው ነጭ ዱቄት ቁልፉ ነው። እሷም በቁልፉ ተማምና ለብቻው ይጨመር የነበረውን የፎስፈረስ ማዕድን ቀነሰች። ግልገሎቹ ሲወድቁ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የእርባታው የእንስሳት ሐኪም ሳይቀር «ምክንያቱ አዲሱ ቀመር ነው» ብሎ በፊርማው ጽፏል። እሱ ደግሞ እጮኛዋ ነው። እንኳን ጠላት ወዳጅ ከመሰከረ ምን ቀረ? እሷም አምና ተቀብላ፣ የሞተ ግልገል በተነሳ ቁጥር አንገቷን ትደፋ ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ጥያቄ ሁሉ «እስቲ» ብለው ስለሚጀምሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው በሌሉበት «እማማ እስቲ» ይሏቸዋል። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም አስም ነው ብሎ ወረቀቱን ሊፈርም ሲል «እስቲ ቆይ» አሉት።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው ዱቄቴ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መኖ ሲደባልቅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ለብሶ ስለሚውል ነው ዱቄቴ የተባለው። መርማሪዋ ጭንብሉን በጓንት ይዘው ከፊቱ ቆሙ።

«እስቲ፣ ጋሼ ይኼን ለምን ያደርጉ ነበር?»

«ኢንዛይሙ ብናኝ አለው። እኛን ቢያስነጥሰን ነው፤ ጋሼን ግን ደረታቸውን ይዘጋዋል። እሜቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ‹አትግባ› ብላቸዋለች። ማን ይሰማታል! ኢንዛይሙን ከእሳቸው እጅ በቀር ማንም አይነካውም።»

«ማጣሪያው ላይ የተጻፈው አርባ ስምንትስ?»

«ክብደቱ ነዋ። ጭንብሉን ከማጥለቃቸው በፊት በየቀኑ ማጣሪያውን ይመዝኑታል። አቧራ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሃምሳ ሦስት ግራም ሲገባ ይጣላል። አርባ ስምንቱ የቅዳሜ ነው።»

«የእሁዱስ?»

«የእሁዱማ...» ዱቄቴ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ከኢንዛይሙ ከረጢት ጋር የሚመጣው የላስቲክ ማንኪያ ብቻ ተቀምጧል። «ውይ! ሚዛኑ የለም። በማንኪያ ነው የሰፈሩት ማለት ነው። ማንኪያ እኮ ሲጠሉ ለጉድ ነው!»

በሩ ላይ የቆመችው እሜቴ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

«ሚዛኑ እኔ ጋ ነው» አለች። «ቢሮዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

መርማሪዋ አልተቆጡም። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ስገባ አባዬ ዚንክ ሲመዝን አገኘሁት። የኔን ስህተት ፍለጋ መሰለኝ። ‹ምን አድርጊ ነው የምትለኝ፣ ልሙትልህ?› አልኩት። እሱ ‹እሜቴ፣ እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ› አለ። ፈገግ ሲል የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ሚዛኑን ከእጁ ቀማሁት። ‹ከእንግዲህ የኔን ሥራ አትመዝንም!› አልኩት።»

«እስቲ ሂጂና አምጪልኝ።»

ሚዛኑ መጣ። መርማሪዋ ማጣሪያውን ከጭንብሉ ነቅለው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ቁጥሩ ትንሽ ዋለለና ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። ዱቄቴ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለ። መርማሪዋ የማጣሪያውን ክዳን በጥፍራቸው ፈለቀቁት። ውስጡ ባዶ ነው! አቧራውን የሚያስቀረው ወፍራም ጨርቅ ተነቅሎ ወጥቷል።

«አሥራ ሰባት ግራም» አሉ መርማሪዋ። «የሰው እጅ አሥራ ሰባት ግራም መጉደሉን አያውቅም፤ ሚዛን ነው የሚያውቀው። ይኼ በሽታ አይደለም፤ ሰው ነው።»

እሜቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ሚዛኑ ቦታው ቢሆን አባቷ ይመዝን ነበር፤ ቢመዝን ያውቅ ነበር፤ ቢያውቅ በሕይወት ነበር። እንዲህ እያለች በሐሳቧ ሦስቴ ወረደችበት፤ ሦስቱንም ጊዜ መጨረሻው እሷው መሳቢያ ውስጥ ገባ።

«እስቲ፣ ሚዛኑን እንደወሰድሽ ለማን ነገርሽ?»

እናቷ ከደጃፉ ሆነው ይሰማሉ። ያን ቃል የተናገረችው ሚዛኑን እንደወሰደች በተናገረችበት ትንፋሽ ነው፤ አንዱን ለብቻው ማውጣት አይቻልም።

«ለማንም» አለች።

መርማሪዋ ለአፍታ አዩዋትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከመደባለቂያው ማሽን በላይ አንድ ሚስማር አለ፤ ምንም አልተሰቀለበትም። ግድግዳው በመኖ ብናኝ ግራጫ ሆኗል። ከሚስማሩ በታች ግን ወረቀት የምታክል ቦታ ንጹሕ ነጭ ናት።

«እስቲ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«የእንስሳቱ ዶክተር ትእዛዝ» አለ ዱቄቴ። «እዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ መድኃኒት ያዘዘ ወረቀቱን ይሰቅላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ያወርዳል። እስከተሰቀለ ድረስ እኔ እጨምራለሁ። ማንበቡ የኔ ሥራ አይደለም፤ ዓይኔም ደክሟል። የዚንኩ ወረቀት ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ከሥራ ስወጣ ነበረ። ዛሬ የለም።»

«ዚንኩ ለምንድነው?»

«ጡት የጣለ ግልገል ሲያስቀምጠው ያቆምለታል።»

እናትየዋን ሳሎን ወስደው አነጋገሯቸው። እሜቴ ውሃ ይዛ ገባች፤ መርማሪዋም ውጪ አላሏት። በኋላ ስታስበው ሆን ብለው ነበር።

«እስቲ እትዬ፣ ባለቤትዎ ቅዳሜ እንዴት ዋሉ?»

«እንደ ወትሯቸው ሲመዝኑ ነዋ! ምሳ ሰዓት ላይ ግን በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ‹ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ግን እስከ ነገ አንተው ንገራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አሉ።»

«ከማን ጋር?»

«እኔ እንጃ። ያገኙትን ወንድ ሁሉ ልጄ ነው የሚሉት። ዱቄቴንም፣ ዶክተሩንም፣ የበር ዘበኛውን ሽማግሌም ሳይቀር።»

የእሜቴ እጮኛ፣ ዶክተሩ፣ ከቀትር በኋላ መጣ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ነው። እሜቴን ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር» አላት። ደግ ቃል ነው፤ ግን ስለ ቀመሩም ለሳምንታት የሚላት እንዲሁ ነበር፣ በሰማችው ቁጥር የባሰ ጥፋተኛ ትሆናለች።

«እስቲ ዶክተር፣ የዚንኩ ወረቀት የት ሄደ?» አሉ መርማሪዋ።

«የቱ? እሱማ የአሥራ አራት ቀን ትእዛዝ ነበር። በጊዜው አውርጄዋለሁ፤ ወር ሊሆነው ነው።»

«ቅዳሜ ማታ መጥተው ነበር?»

«በየቀኑ ማታ በሽተኞቹን አያለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣሁ፣ አየሁ፣ ሄድኩ። መደባለቂያው ክፍል አልገባሁም።»

«ከዚህ ቤት ሰው ጋር ተነጋግረዋል?»

«ከማንም። ስልኬን ዘግቼ ነው ያመሸሁት።»

እሜቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች፤ ወዲያው መልሳ አቀረቀረች። መርማሪዋ ብዕራቸውን ማስታወሻቸው ላይ አሳረፉ እንጂ ምንም አልጻፉም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መደባለቂያው ክፍል ውስጥ ሰበሰቧቸው። ማሽኑ ቆሟል። ከወዲያ ካለው ጋጣ የግልገሎቹ ጩኸት ይሰማል፤ መኖ ዘግይቶባቸዋል። እናትየዋ በርጩማ ላይ፣ ዱቄቴ ከረጢት ላይ፣ ዶክተሩ በሩ አጠገብ፣ እሜቴ ግድግዳው ጥግ ሆኑ። ሁለት ፖሊሶች ውጪ ቆመዋል። ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ከግልገሎቹ ልጀምር» አሉ መርማሪዋ። «እኔ ስለ አሳማ የማውቀው መጥፎ ሽታውን ነበር። ትናንት ማታ ግን አንድ የመኖ መምህር ደውዬ አስጨነቅኩ። ዚንክ ለሁለት ሳምንት ጥሩ ነው አለኝ። ከዚያ በላይ በብዛት ሲቆይ ግን እህል ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ጨምድዶ ይይዘዋል። ኢንዛይሙ ቁልፉን ይዞ ቢመጣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ይጠብቀዋል። ግልገሉም እህል ጠግቦ አጥንቱ ይራባል። ልክ ነኝ፣ ልጄ?»

እሜቴ ከግድግዳው ጥግ ቀና አለች። «ልክ ነው። ግን ዚንኩ በአሥራ አራት ቀን ቆሟል። ወረቀቴ ላይ እንደዚያ ነው...»

«ያንቺ ወረቀት ላይ። ሚስማሩ ላይ ያለውንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይታ አታውቅም። እሱ ሰቅሎታል፣ እሱ ያወርደዋል ብላ ነበር። የሚወዱትን ሰው ሥራ ማን ይፈትሻል?

«ዶክተር ወር ሊሞላው ነው አወረድኩት ብለውኛል። ይህን ግድግዳ ተመልከቱ። ብናኙ በሦስት ቀን የጣት ምልክት እስኪቀርበት ይወፍራል። ወር ቢሆነው ይህች ቦታ እንደ ሌላው ግራጫ ትሆን ነበር። ነጭ ናት። ስለዚህ ወረቀቱ የወረደው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ዱቄቴ ከወጣ በኋላ፣ ጋሼ ከመግባታቸው በፊት።»

«ዱቄቴ ራሱ ሊያወርደው ይችላል» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ያለ ትእዛዝ ዚንክ ሲጨምር የኖረው እሱ ነው።»

«እኔ?!» ዱቄቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ...»

«ቁጭ በል፣ ዱቄቴ፤ አንተን የሚከስህ የለም» አሉ መርማሪዋ። «ጋሼ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ‹አንተው ንገራት› ያሉት ማንን እንደሆነ የእሳቸው የስልክ ጥሪ ዝርዝር ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል። ዶክተር፣ እርስዎን ነው። የረሱትን ወረቀት ደርሰውበታል። ሌላ ሰው ቢሆን አገር ይያዝልኝ ብሎ ይጮህ ነበር። እሳቸው ግን አማቻቸው ሊሆን የተቃረበ ሰው በገዛ አፉ እንዲናገር አንድ ቀን ሰጡ። ያ አንድ ቀን ነው የገደላቸው።»

«መርሳት ወንጀል አይደለም» አለ ዶክተሩ።

«አይደለም። ፈርመው በሰው ልጅ ላይ ማላከክዎ ነው ያስቸገረው። ያ ሲወጣ ሥራዎም፣ ስምዎም፣ እጮኛዎም አብረው ይወጣሉ።» መርማሪዋ ማጣሪያውን አነሱ። «እዚህ ላይ ግን እኔም ተያዝኩ። ጋሼ ሳይመዝኑ ጭንብል አያጠልቁም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ገዳዩ ማጣሪያውን ባዶ ያደረገው ሚዛኑ እንደሌለ ስላወቀ ነው። ባያውቅ አይሞክረውም ነበር። ሚዛኑን የወሰደችው ልጃቸው ናት። ‹ለማንም አልነገርኩም› ብላኛለች። እንግዲህ እውነት ለማንም ካልነገረች፣ ሚዛኑ አለመኖሩን ከጋሼ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እሷ ራሷ።»

እናትየዋ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

እሜቴ መንገዱ ሁለት ሆነባት። ዝም ብትል ትታሰራለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን እዚያ በርጩማ ላይ ስለ ተቀመጡት ሴት ባል ያን ቃል መድገም አለባት። መታሰሩ የቀለላት ደቂቃ ነበር፤ ይገባኛል ብላም አስባ ነበር። ከዚያ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማጣሪያ አየች። አርባ ስምንት። አባቷ አራት ቁጥርን ሲጽፍ የቁጥሯን እግር ያስረዝም ነበር። ያን ቁጥር አምኖ ነው አቧራውን የማገው።

«ነግሬያለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለሱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዬለት። ሚዛኑን ቀማሁት አልኩት። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ነገ በምን እንደሚመዝን አያለሁ አልኩት። ከዚያ...»

«ውሸት ነው!» አለ ዶክተሩ። «አልደወለችልኝም። ስልኬ ዝግ ነበር።»

«ከዚያ» አለች እሜቴ፣ እናቷን እያየች፣ «ከዚያ ‹ምነው በሞተና በገላገለኝ› አልኩ፣ እማዬ። አባዬን። እንዲህ አልኩት።»

ዶክተሩ ወደ እሷ ተራመደ። መረጋጋቱ እንዳለ ወልቆ ወደቀ። «አዎ ብለሻል! አንቺው ነሽ ያልሽው! ስታለቅሺ አንጀቴ አረረ... ለማን ብዬ መሰለሽ? ላንቺ ስል እኮ ነው...» አለና አፉን ያዘ። ዘግይቷል።

«ዝግ የነበረው ስልክ ይህን ሁሉ ሰማ» አሉ መርማሪዋ። «እርስዎ» ማለቱንም ተዉት። «ለእሷ ስትል አይደለም። ለእሷ ብትል የሚያስፈልጋት አንድ ቃል ነበር፤ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› የምትል። ሦስት ሳምንት በሙሉ አፍህ ውስጥ ይዘሃት አላወጣሃትም። የማጣሪያውን ጨርቅ የሞቱ ግልገሎች ከሚቀበሩበት ጉድጓድ ዛሬ ጠዋት አውጥተነዋል። የጉድጓዱ ቁልፍ ያለው አንተ እጅ ነው። ወረቀቱም አብሮ ነበር፤ ቀኑና ፊርማህ ይነበባል።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እሜቴ አላየችውም። እናቷ እግር ሥር ወርዳ ጉልበታቸውን ይዛለች።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

«ይኼን ነው እንዴ ስትደብቂኝ የሰነበትሽው?» አሉ እናትየዋ። እንባቸው ያን ጊዜ መጣ። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ብያቸዋለሁ፣ ልጄ። ሚዛኑን ይዘው ለምሳ በመጡ ቁጥር ‹ምነው በሞቱልኝ!› ስል ነው የኖርኩት። እሳቸውም ‹ስንት ግራም ሐዘን ታዝኛለሽ?› ይሉኛል። ‹ሙት› ያለ ሁሉ ቢገድል ማን ይተርፍ ነበር! ሰምቶ የፈጸመው ነው ነፍሰ ገዳዩ።»

እሜቴ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። «ሚዛኑስ?» አለች። «ሚዛኑንስ፣ እማዬ?»

እናትየዋ ራሷን ብቻ ዳበሷት።

መርማሪዋ ሊወጡ ሲሉ ከቦርሳቸው አንዲት ትንሽ ደብተር አወጡ። «ከኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበረች። ያንቺ ናት» አሏት። «ሚዛኑን አልወሰድሽም ብዬ አላጽናናሽም፤ ወስደሻል። የመጨረሻውን ገጽ ግን እስቲ አንብቢው።»

የቅዳሜ ቀን ተጽፎበታል። አራቶቹ ሁሉ እግራቸው ረጅም ነው። «ዚንክ፦ የታዘዘው 14 ቀን፣ የተጨመረው 41 ቀን። የእሜቴን ቀመር ሦስቴ መዘንኩት። ልክ ነው። አንድ ግራም አልሳተችም። ነገ እሱ ሲነግራት ፊቷን ለማየት ጓጉቻለሁ።»

ለዚህ ነበር ፈገግ ያለው።

በማግስቱ ጠዋት ግልገሎቹ ሲጮኹ እሜቴ ወደ መደባለቂያው ክፍል ገባች። ዱቄቴ በቆሎውን ፈጭቶ ይጠብቃታል። ዚንክ የለም፤ ሚስማሩም ባዶ ነው። ሚዛኑን ከቀማችበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው። አዲስ ማጣሪያ ከካርቶኑ አውጥታ ሳህኑ ላይ አደረገች። ቁጥሩ ግን አልቆም አለ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ዱቄቴ።

«አይ፤ እጄ ነው» አለችና እጇን ከሳህኑ ላይ አነሳች። ቁጥሩ አርባ አራት ላይ ቆመ። ማጣሪያው ላይ ጻፈችው፤ ሁለቱንም አራቶች እግራቸውን አስረዘመቻቸው። ጭንብሉን አጥልቃ ኢንዛይሙን መመዘን ጀመረች።